የጭልጋው ጥቁር ድንጋይ ዋጋው ስንት ነው?

የጓንግ ማዶ ልጅ፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ የምኖረው ጎንደር ከተማ ሲሆን የአባቴ ወገኖች ግን የጭልጋ ሰዎች ናቸው። አጎቴ ከአይከል ወጣ ብሎ ያርሳል፤ ከማሳው በታች ያለውን ገደል የክረምት ጎርፍ በየዓመቱ እየናደው ሄዶ፣ ከግራጫው ሸክላ ሥር አንድ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ጥቁር ንጣፍ ገልጦታል። ሲነኩት እጅ ያጠቁራል፤ ሲደርቅ እንደ ዛፍ ቅርፊት ይሰነጣጠቃል፤ እሳት ሲያገኝ ይነዳል። የድንጋይ ከሰል መሆኑን በአካባቢው የማያውቅ የለም፤ ባለሙያዎችም በተለያየ ጊዜ እየመጡ ለክተውና ቆፍረው እንደሄዱ ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

አሁን ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ባለፈው ወር ሁለት ሰዎች ከከተማ መጥተው፣ ይህ ድንጋይ ከወርቅ የማይተናነስ ሀብት መሆኑን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች እየተሻሙ እንደሚገዙትና ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ገንዘብ ካዋጡ በዓመት ውስጥ ባለ ተሳቢ መኪና እንደሚሆኑ ነግረዋቸው ሄዱ። አጎቴም «ሁለቱን በሬዎች ሸጬ ልግባበት ወይ? አንተ የተማርህ ነህ» ብሎ ደወለልኝ። እኔ የተማርሁት ግን የሒሳብ አያያዝ ነው፤ ስለ ድንጋይ የማውቀው ነገር የለም።

ለመሞከር ያህል ጥቂት በማዳበሪያ ከረጢት አስመጥቼ በግቢያችን በከሰል ማንደጃ ላይ አነደድሁት። ለመያያዝ ዘገየ፤ ከተያያዘ በኋላ ጭሱ ጥቁር፣ ሽታውም የክብሪት ዓይነት ሆነ፤ ባለቤቴም «ይህን ነገር ይዘህ ከግቢ ውጣልኝ» አለችኝ። ነዶ ሲያበቃ ቀላ ያለ አመድ የድንጋዩን ቅርጽ እንደያዘ ማንደጃውን ሞልቶ ቀረ። ወርቅ የተባለው ይህ ነው ወይ ብዬ ተጠራጠርሁ። በሌላ በኩል ደግሞ የአውሮፓ አገሮች በድንጋይ ከሰል እንደበለጸጉ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ የእኛም አገር ለሲሚንቶ ፋብሪካዎቿ ከደቡብ አፍሪካ በውጭ ምንዛሪ ስታስገባ እንደኖረች እንሰማለን። እንግዲህ የድንጋይ ከሰል ዋጋው ምኑ ላይ ነው? አንዱ በመርከብ እስኪጫን ድረስ የሚፈለግ፣ ሌላው ገደል ውስጥ የሚቀር የሚሆነውስ ለምንድን ነው? ለአጎቴ በቅን ልቦና የምነግረውን ቃል ስጡኝ።

ዐለት አንባቢ፦

ወንድሜ፣ ስሙ ራሱ ሰውን ያሳስታል። «የድንጋይ ከሰል» ስንል አንድ ነገር የምንጠራ ይመስለናል፤ ነገር ግን ጤፍና ገብስ ሁለቱም እህል ተብለው እንደሚጠሩ ሁሉ፣ በዚህ ስም ሥር በጠባይም በዋጋም እጅግ የተራራቁ ነገሮች ተሰብስበዋል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ተክል ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ አየር ያገኘውና በስብሶ ይጠፋል። ውሃ በተኛበት ረግረግ ውስጥ የወደቀ ግን አየር ስለማይደርሰው በከፊል ብቻ በስብሶ ይደራረባል፤ በላዩ አሸዋና ጭቃ ሲከመርበት ወደ ምድር ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል። ጥልቀቱና ሙቀቱ በጨመረ መጠን ውሃውና ጋዙ እየተጨመቀ ይወጣና ካርቦኑ እየጠነከረ ይመጣል። መጀመሪያ ፒት የሚባለው ለስላሳ የረግረግ ቅሪት፣ ቀጥሎ ሊግናይት፣ ቀጥሎ ንኡስ ቢቱሚነስ፣ ከዚያ ቢቱሚነስ፣ በመጨረሻም አንትራሳይት ይሆናል። አንድ ኪሎ ሊግናይት ሲነድ ከ10 እስከ 20 ሜጋጁል (ሜጋጁል የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ አንድ ኪሎ ጥሩ ቢቱሚነስ ግን ከ24 እስከ 35 ሜጋጁል ይሰጣል። ደረቅ እንጨት 16 አካባቢ፣ የእንጨት ከሰል ደግሞ ወደ 30 ስለሚጠጋ፣ ደካማ ሊግናይት ከጥሩ ማገዶ ያነሰ ሙቀት ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ባለቤትህ የፈረደችው ፍርድ ከቤተ ሙከራ ፍርድ ብዙ የራቀ አይደለም።

የጭልጋው ከሰል ሊግናይት ነው። የጎንደርን ደጋ የሠራው ታላቁ የላቫ ጎርፍ የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ የጭልጋ ረግረጎች ደግሞ ከዚያ ላቫ በላይ ባሉ ጎድጓዳ ቦታዎች ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ናቸው። ይህ ለእኛ የማይታሰብ ዘመን ቢመስልም ለድንጋይ ከሰል ግን የልጅነት ዕድሜ ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ከሰል ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቆጥሯል። በእርግጥ ዕድሜ ብቻውን አይፈርድም፤ ምን ያህል ጥልቀት ተቀብሮ ምን ያህል ሙቀት እንዳገኘም ይቆጠራል። የጭልጋው ግን ብዙ ሳይቀበርና ብዙ ሳይሞቅ የቀረ ነው።

ከደረጃው በላይ የሚጎዳው ግን አመዱ ነው። የጭልጋ ረግረግ እሳተ ገሞራ ባልበረደበት አገር የተኛ ስለነበር፣ ዛፉ በወደቀበት ላይ አንድ ጊዜ የእሳተ ገሞራ አመድ ሲዘንብበት ሌላ ጊዜ ጎርፍ ያመጣው ሸክላ ሲደለደልበት ኖሯል። በዚህም ምክንያት ንጣፉ ጥቁርና ግራጫ እየተፈራረቀ ይሄዳል፤ ጥቁር የሚመስለው ራሱ ውስጡ ሸክላ አለበት። በማንደጃህ ቅርጹን ሳይለቅ የቀረው ያ ሸክላ ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። እዚያው የጭልጋ ደለል ውስጥ የዝሆን ቅድመ ዘሮችና አርሲኖይቴሪየም የሚባል ባለ ሁለት ግዙፍ ቀንድ እንስሳ አጥንቶች ተገኝተው፣ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በታላቅ የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። በአፍሪካ የዚያ ዘመን የየብስ እንስሳት ቅሪት ብርቅ ስለሆነ፣ በእኔ ሚዛን በዚያ ገደል ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ውዱ ከሰሉ አይደለም። አጎትህ ሲቆፍሩ የከበደ፣ የድንጋይ መልክ ያለው አጥንት ወይም ጥርስ ካዩ ከቦታው ሳያነሡ እንዲያሳውቁ ንገራቸው።

ለራስህ ደግሞ ቀላል ፈተና ልስጥህ። ከሰሉን ደቁሰህ በትክክለኛ ሚዛን 500 ግራም መዝን፤ በፀሐይ ለአንድ ሳምንት አድርቀህ እንደገና መዝነው፤ የጎደለው ውሃ ነው። ከዚያ ደጅ ላይ በብረት ምጣድ አድርገህ እያገላበጥህ ጥቁር ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ አንድደው፤ የቀረውን አመድ መዝነህ ከደረቁ ክብደት ጋር አስላው። ቤተ ሙከራን አይተካም፤ ነገር ግን በሬ ከመሸጥ በፊት ይቀድማል።

የምድጃ ሰው፦

እኔ ለብዙ ዓመታት በአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ የማቃጠያ ክፍል ውስጥ ስለሠራሁ፣ ገዢው ከሰል ሲመጣለት ምን እንደሚያይ ልናገር።

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ ተፈጭተው በሚሽከረከር ረጅም ምድጃ ውስጥ እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቀው፣ በኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆን ክሊንከር የሚባል ጠጠር ሲሆኑ ነው። ዘመናዊ ምድጃ አንድ ቶን ክሊንከር ለማውጣት 3400 ሜጋጁል አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ሒሳብ አዋቂ ስለሆንህ አስላው፤ ኪሎው 25 ሜጋጁል የሚሰጥ ከሰል ካለህ 136 ኪሎ ይበቃሃል፤ 14 ሜጋጁል ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ወደ 243 ኪሎ ያስፈልግሃል። ልዩነቱ በመፍጫው፣ በመጋዘኑ፣ በመኪናውና በአመዱ ሁሉ ላይ ይባዛል። ስለዚህ ፋብሪካ የሚገዛው ድንጋይ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ የክፍያ ውልም የሚጻፈው በቶን ቢሆንም የሙቀቱ፣ የአመዱ፣ የርጥበቱና የድኙ መጠን በግልጽ ይቀመጥበታል፤ ከተስማማበት ወርዶ ከተገኘ ዋጋው ይቆረጣል፣ ብዙ ከወረደ ጭነቱ እንዳለ ይመለሳል።

ጭነት ተመልሶ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ከሰል ተደርጎ ከሥሩ ጥቁር ሸክላ የተሞላ ተሳቢ ነበር፤ ናሙና ወሳጁ ልጅ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመካከልም ከሥርም ስለወሰደ ተያዘ። አቅራቢው «ይህም እኮ ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ እውነቱን ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጉድጓድ መሆኑ አላዳነውም። ሾፌሩ ለሁለት ቀን በር ላይ ቆሞ አበሉን ማን እንደሚከፍለው ሲከራከር የነበረው አሁንም ትዝ ይለኛል።

አመዱ የት እንደሚገባም ማወቅ ይጠቅማል። በሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ አመድ ወደ ውጭ አይጣልም፤ ከክሊንከሩ ጋር ይዋሐዳል። ስለዚህ አመዱ ቢበዛም የኖራውን መጠን በማስተካከል እስከ ተወሰነ ደረጃ ሊቻል ይችላል፤ የማይቻለው ዛሬ 15 በመቶ፣ ነገ 40 በመቶ እየሆነ መምጣቱ ነው። እኔ በነበርሁበት ቦታ መጥፎ ሆኖ የማይለዋወጥ ከሰል፣ ጥሩ ሆኖ ከሚለዋወጥ ይልቅ ይመረጥ ነበር። በአገራችን በቅርብ ዓመታት የከሰል ማጠቢያ ፋብሪካዎች እንዲቋቋሙ የተገፋውም ለዚህ ነው። ከሰል ከድንጋይና ከሸክላ ይልቅ ቀላል ስለሆነ፣ ተፈጭቶ ክብደቱ በተመጠነ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ጥሩው ይንሳፈፋል፣ ቆሻሻው ይሰጥማል። ሸክላው ከከሰሉ ጋር እንደ ሊጥ ከተለወሰ ግን እጥበቱም ብዙ አይረዳም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ የዋጋው እንቆቅልሽ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአይከል ሲሆን ሌላ 60 ገደማ ይጨመራል። 40 ቶን የጫነ ተሳቢ አመዱ 40 በመቶ የሆነ ከሰል ቢይዝ፣ 16 ቶኑ በናፍጣ ኃይል የአባይን በረሃ ወርዶ የሚወጣ አመድ ነው። በያዩ፣ በዳውሮ፣ በጅማ ዙሪያ ያሉት የከሰል ቦታዎች ለመካከለኛው አገር ፋብሪካዎች የሚቀርቡ ሆነው እንኳ የማመላለሻ ወጪው ያማርራል። ስለዚህ እነዚያ ሁለት ሰዎች ተመልሰው ሲመጡ አጎትህ ይህን ብቻ ይጠይቋቸው፦ ገዢው ማን ነው? ውሉ የት አለ? ዋጋው የተቆረጠው ገደሉ አፍ ላይ ነው ወይስ ፋብሪካው በር ላይ? የመጨረሻውን ጥያቄ በትክክል መመለስ ያልቻለ ሰው የከሰል ነጋዴ አይደለም።

ከአዘዞ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ትንታኔ የራሳችንን ሀብት እንድንንቅ የሚያደርግ መሰለኝ። እንግሊዝ ሥልጣኔዋን የገነባችው በከሰል ነው፤ ጀርመንም አሜሪካም እንዲሁ። ዛሬም ቻይና ዓለም ከሚያነደው ከሰል ከግማሽ በላዩን ታነዳለች። እነሱ ከበለጸጉ በኋላ እኛን አየር ይበከላል፣ አመዱ በዛ እያሉ ማስፈራራታቸው ፍትሕ አይደለም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይህ አይደለም ወይ?

የታሪክ መምህር፦

ወንድሜ ከአዘዞ፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ የፍትሑን ነገርም አልክድህም። ነገር ግን እንግሊዝን ያበለጸጋት ከሰል ስለነበራት ብቻ አይደለም። የኒውካስል ከሰል የወጣው ከባሕርና ከወንዝ አጠገብ ስለነበር ከእንፋሎት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ በጀልባ ወደ ለንደን ይሄድ ነበር፤ ለንደኖችም «የባሕር ከሰል» ይሉት ነበር። በዚያ ዘመን ያው ከሰል በየብስ በፈረስ ጋሪ ጥቂት ማይል ከተጓዘ ዋጋው ይናር ስለነበር፣ ከወንዝ የራቀ ማዕድን እዚያው መንደሩን ከማሞቅ አያልፍም ነበር። የምድጃው ሰው ስለ አባይ በረሃ የነገረን የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ነጋዴም ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1712 የተሠራው የኒውኮመን የእንፋሎት ሞተርም የተፈለገው ከማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ለመቅዳት ነው፤ ሞተሩ ብዙ ከሰል ይበላ ስለነበር፣ የማይሸጠው ድቃቂ በነጻ በሚገኝበት በጉድጓዱ አፍ ካልሆነ በቀር አያዋጣም ነበር።

ሁለተኛው ነገር ብረት ነው። በእኛ አገር ባለ እጆች ብረትን በወናፍ ሲያቀልጡና ሲቀጠቅጡ የኖሩት በእንጨት ከሰል ነው፤ እንግሊዞችም እንዲሁ ነበሩ። የድንጋይ ከሰል በጥሬው ብረት ቢነካ ድኙ ወደ ብረቱ ገብቶ እንዲሰባበር ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1709 አብርሃም ዳርቢ የተባለ ሰው ከሰሉን አየር በሌለበት ጠብሶ፣ ጋዙን አብዛኛውን፣ ድኙንም በከፊል አውጥቶ፣ ኮክ በሚባለው ቅሪት ብረት ማቅለጥ ቻለ። ዛሬም ከዓለም ብረት 70 በመቶ ያህሉ በዚሁ ዓይነት መንገድ ይወጣል። ለኮክ የሚሆነው ግን የተወሰነ የቢቱሚነስ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሊግናይትን ጠብሰህ ያንን ጠንካራ ኮክ አታገኝም።

ለእኛ ለጎንደሮች ግን የከሰልን ታሪክ ከሌላ በር መግባት የሚሻል ይመስለኛል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 የየመንን ወደብ ኤደንን የያዙት ወደ ህንድ ለሚመላለሱ የእንፋሎት መርከቦቻቸው የከሰል ማከማቻ ስለፈለጉ ነበር። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1869 ሲከፈት በዚያው ወር ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን መርከብ ኩባንያ አሰብን በገንዘብ ገዛ፤ ምክንያቱ መርከቦቹ በቀይ ባሕር ላይ ከሰል የሚሞሉበት ቦታ ማስፈለጉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የወደቁበት የእንግሊዝ ጦርም በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ የወረደው በእንፋሎትና በሸራ መርከቦች ነው፤ ከወደቡ ተነሥቶ ወደ ተራራው ግርጌ የሚሄድ የባቡር ሐዲድ እስከመዘርጋት ደርሷል። እኛ ከሰል ሳንቆፍር ከሰል መጥቶ ታሪካችንን ቀይሮታል። ይህን የማነሣው ለቁጭት ብቻ አይደለም፤ ከሰል ዋጋ የሚያወጣው በመርከቡ፣ በሐዲዱና በወደቡ መካከል ሲገባ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

እንግሊዝም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1913 ከ290 ሚሊዮን ቶን ያላነሰ ከሰል አውጥታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ደግሞ የመጨረሻዋን በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ዘጋች። በመካከሉ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 የለንደን የከሰል ጭስ ከጉም ጋር ተደባልቆ ለቀናት ከተማዋን ሲሸፍናት፣ በመጀመሪያው ቆጠራ ብቻ ወደ 4000 ሰው እንደሞተ ተመዝግቧል። ማስፈራሪያ ነው የምትለው ነገር በራሳቸው ላይ የደረሰ ነው።

የማንደጃ እናት፦

ከወንዶቹ ጨዋታ መካከል ገብቼ አንድ ነገር ልናገር። እኔ በጎንደር ከተማ ቡና እያፈላሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። የእንጨት ከሰል ዋጋ ከዓመት ዓመት እየናረ ሲሄድ፣ ከቆላው የሚመጣው የከሰል ጆንያም ደኑን እየጨረሰ መሆኑን እያየሁ፣ የጭልጋው ድንጋይ ለማንደጃ ቢሆንልን ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ጠይቄ የደረስሁበት ግን ይህ ነው፦ የእንጨት ከሰል ጭሱን የሚጨርሰው ከሰል አክሳዩ በአፈር ሸፍኖ በሚያከስልበት ቦታ ነው፤ ለእኛ የሚደርሰን ፍሙ ብቻ ነው። የድንጋይ ከሰል በጥሬው ሲነድ ግን ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ ሁሉ ድኝ የሚወጣው በቤታችን፣ በልጆቻችን ፊት ነው። የጠያቂው ባለቤት ያባረረችው ይህንን ነው፤ እግዜር ይስጣት።

ደግሞም ጭስ የሌለው ፍም ደኅና ነው ማለት አይደለም። በጎንደር የክረምት ብርድ ማንደጃ ቤት አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው በማለዳ ያልተነሡ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከእንጨት ከሰልም ከድንጋይ ከሰልም ይወጣል። ስለዚህ ማንም ሰው ያንን ድንጋይ እንደ እንጨት ከሰል ቆጥሮ ቤት ውስጥ እንዳያነድደው አደራ እላለሁ። ተጠብሶና ተጨምቆ ጭሱ የወጣለት ጡብ የሚመስል ማገዶ የሚሠራ ሰው ከተገኘ ያን ጊዜ እንነጋገራለን፤ እሱንም ቢሆን ደጅ ላይ።

የሕግ ባለሙያ፦

ሁለት አጭር ነጥብ ብቻ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ አጎትህ የማሳው ባለ ይዞታ እንጂ የከሰሉ ባለቤት አይደሉም፤ ማንም ሰው ከእሳቸው «ከሰሉን ገዛሁ» የሚል ወረቀት ቢያስፈርማቸው ከሰሉን አላገኘም፣ እሳቸውም አልሸጡም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ማንኛውም ማዕድን የሚያወጣ ሰው ወይም ማኅበር ፈቃድ እንዲኖረው ያዝዛል። ማሳው ለሥራው የሚፈለግ ሆኖ ከተነሡ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣ የማግኘት መብት አላቸው፤ ይህንን መብት በመዋጮ ፎርም ላይ ሳያውቁ እንዳይተዉት ይጠንቀቁ። ፈቃዱን ሳያሳይ መዋጮ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት ሄዶ ስለ እሱ መጠየቅ ይበቃል።

የጓንግ ማዶ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የተባለውን ፈተና አደረግሁ። 500 ግራም የነበረው ከሳምንት ፀሐይ በኋላ 390 ሆነ፤ ደጅ ላይ አንድጄ የቀረው አመድ 168 ግራም መዘነ። በደረቁ ሲሰላ 43 በመቶ አመድ ነው። በምድጃው ሰው ሒሳብ ስገባበት፣ አጎቴ ከአይከል አዲስ አበባ 40 ቶን ከሰል ቢልክ፣ የሚልከው ውሃና አመድ ከሚነደው ይበልጣል።

ለአጎቴ ይህንኑ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ድንጋዩ ምንም አይረባም ማለት ነው?» አለኝ። ምንም አይረባም ማለት ከበደኝ። ለቅርብ ሥራ፣ እዚያው አካባቢ ለሚሆን ነገር ይውላል ወይ?

ዐለት አንባቢ፦

ሒሳብህን በጥሩ ሁኔታ ሠርተኸዋል፤ ግን ገና አትፍረድ። የገደል ፊት ላይ ያለ ከሰል ለአየርና ለዝናብ ተጋልጦ የኖረ ስለሆነ ከውስጡ ይልቅ የደከመ ነው፤ ሸክላም በስንጥቁ ይገባበታል። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተህ፣ ከንጣፉ ላይ፣ መካከልና ታች ለየብቻ ናሙና ውሰድና እያንዳንዱን ለየብቻ አንድድ። ምናልባት አንዱ ክፍል 20 በመቶ፣ ሌላው 60 በመቶ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ለቅርብ ሥራ የሚለው ጥያቄህ ከጠየቅኸው ሁሉ የተሻለው ነው። ደካማ ከሰል በዓለም ላይ የሚነደው አብዛኛውን ጊዜ በተቆፈረበት አጠገብ ነው፤ በጀርመን ሊግናይቱ ከጉድጓዱ በማጓጓዣ ቀበቶ ወይም በአጭር ባቡር መስመር በቀጥታ ወደ ማመንጫው ይገባል እንጂ ሩቅ አገር አይላክም። ለኤሌክትሪክ ግን በእኛ አገር ፋይዳው ጠባብ ነው። ከ90 በመቶ በላይ ኤሌክትሪካችን ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ አንድ ኪሎ የጭልጋ ዓይነት ሊግናይት 15 ሜጋጁል ቢሰጥና ማመንጫው ሲሶውን ወደ ኤሌክትሪክ ቢቀይር የሚገኘው 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ የአንዲት እናት የኤሌክትሪክ ምጣድ በሃያ አምስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች፤ በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። ከከሰል ማዳበሪያ መሥራትም ይቻላል፤ ከሰሉ ወደ ጋዝ ተቀይሮ አሞኒያ ይወጣበታል። ነገር ግን ለዚያ የታሰበው የያዩ ፕሮጀክት ለዓመታት ተጓትቶ ሳይጠናቀቅ መቆሙን ታውቃለህ፤ ያውም እዚያ ያለው ከሰል ከጭልጋው የተሻለ ነው፣ በላዩ ደግሞ የዱር ቡና ደን ተኝቷል።

ለጭልጋ የሚስማማው የሸክላ ጡብ ነው። ሸክላው ከከሰሉ ጋር በአንድ ገደል አለ፤ ጡብ ሲተኮስ ደግሞ የሲሚንቶውን 1450 ዲግሪ አይፈልግም፣ 900 እስከ 1000 ይበቃዋል። በሌሎች አገሮች አመዱ የበዛ ከሰል ተፈጭቶ ከጭቃው ጋር ይቀላቀልና ጡቡ ራሱ ከውስጥ እየነደደ ይበስላል፤ በዚያ ጊዜ አመዱ ጡብ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይጣልም። ድኙ ግን አሁንም ከጭሱ ጋር ስለሚወጣ ምድጃው ከመንደር የራቀ መሆን አለበት። ይህ ያዋጣል አይልህም ማንም ከጎንደር ሆኖ፤ ጡብ ገዢ መኖሩን፣ ከብሎኬት ጋር በዋጋ መወዳደሩን ማስላት የአንተ ሙያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፤ አጎትህ የቆፈሩትን ከሰል የት ነው ያስቀመጡት? ሊግናይት ተከምሮ አየር ሲያገኘው ከውስጡ እየሞቀ ሄዶ ማንም ሳይለኩሰው የሚነድበት ጊዜ አለ።

የጓንግ ማዶ ልጅ፦

ጥያቄህን እንዳየሁ ደወልሁለት። አሥራ ሦስት ከረጢት ሙሉ ቆፍሮ፣ «ዝናብ እንዳይነካው» ብሎ ከጎተራው ጎን ከጭድ ክምሩ ሥር ከምሮት ኖሯል። ልጆቹን አስተባብሮ አሁኑኑ ወደ ሜዳው እንዲያወጣውና እንዲበትነው ነግሬዋለሁ። ለበሬዎቹ ገዢ መጥቶ ዋጋ ሳይስማሙ እንደተለያዩም በዚያው ነገረኝ። ቅዳሜ አካፋ፣ ሦስት ንጹሕ ከረጢትና ሚዛን ይዤ ወደ አይከል እወርዳለሁ፤ የሦስቱን ናሙና ውጤት እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።